ሐምሌ ላይ ቼልሲ፣ ታህሣሥ ላይ ፒኤስጂ፤ የዓለም ሻምፒዮኑ ክለብ የትኛው ነው?

ጥያቄውን የላኩት አንድ አባት ናቸው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ የቼልሲ ደጋፊ ነው። በ2025 ሐምሌ ላይ ቼልሲ አሜሪካ ውስጥ የፈረንሳዩን ፒኤስጂን 3 ለ 0 ሲረታ የዓለም ሻምፒዮን ሆንን ብሎ ቤቱን ቀወጠው። ታህሣሥ ላይ ደግሞ ፒኤስጂ ኳታር ላይ የብራዚሉን ፍላሜንጎን በመለያ ምት አሸንፎ ሌላ ዋንጫ አነሳ። እኔ የአሁኑ ሻምፒዮን ፒኤስጂ ነው እላለሁ፤ እሱ አይሰማኝም። ማናችን ነን ልክ? በልጅነቴ ስሙን እሰማው የነበረው የአውሮፓና የደቡብ አሜሪካ ዋንጫስ የት ገባ? የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ያኔ ለምን አልነበረበትም?»

በስሙ ከሄድን ልጅዎ ልክ ነው። ፊፋ «የዓለም ሻምፒዮን ክለብ» የሚለውን ማዕረግ አሁን የሚሰጠው ለሐምሌው ውድድር አሸናፊ ነው። ቼልሲም ቀጣዩ ውድድር እስኪደርስ፣ ማለትም እስከ 2029፣ ማዕረጉን ይዞ ይቆያል። ነገሩን ከሥሩ ካየነው ግን እርስዎም አልተሳሳቱም። በየአህጉሩ ዋንጫ ያነሱ ክለቦች ብቻ የሚገናኙበት ውድድር የታህሣሡ ነው። እኔን ከጠየቁኝ ለድሮው ዋንጫ እውነተኛ ወራሽም እሱ ነው። ለምን እንደዚያ እንደምል ለማስረዳት ወደኋላ መሄድ አለብኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1960 ነው። አውሮፓ የሻምፒዮኖች ዋንጫ ካቋቋመች አምስት ዓመት ሆኗታል። ሪያል ማድሪድ አምስቱንም ጠራርጎ ወስዷል። ደቡብ አሜሪካኖች ደግሞ በዚያው ዓመት የራሳቸውን ውድድር ጀመሩ፤ ዛሬ ኮፓ ሊበርታዶሬስ የምንለውን። የመጀመሪያውን የኡራጓዩ ፔንያሮል በላ። ከዚያ የአውሮፓው ማኅበር ዩኤፋና የደቡብ አሜሪካው ኮንሜቦል ተስማሙና ሁለቱን ሻምፒዮኖች በደርሶ መልስ አጋጠሙ። ሞንቴቪዲዮ ላይ 0 ለ 0 ወጡ። ማድሪድ ላይ ግን እነ ዲ ስቴፋኖና ፑሽካሽ 5 ለ 1 አደረጓቸው። ኢንተርኮንቲኔንታል (የአህጉራት) ዋንጫ የሚባለው ይሄ ነው።

ያኔ ደንቡ ለዛሬ ተመልካች ግራ ያጋባል። የሚቆጠረው የጎል ድምር ሳይሆን ነጥብ ነበር። በ1961 ቤንፊካ ሊዝበን ላይ ፔንያሮልን 1 ለ 0 አሸነፈ። በመልሱ ፔንያሮል ሜዳው ላይ 5 ለ 0 አንበሸበሸው። በዛሬ ስሌት ነገሩ አልቋል። በያኔው ደንብ ግን ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ስላሸነፉ እኩል ናቸው ተባለና ሦስተኛ ጨዋታ ተደረገ። ፔንያሮል 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ይህን ደንብ ልብ ይበሉልኝ፤ በኋላ ለመጣው ጣጣ አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

በ1962 የፔሌ ሳንቶስ መጣ። ማራካና ላይ ቤንፊካን 3 ለ 2 አሸንፎ ሊዝበን ሲሄድ ፖርቹጋሎቹ ሦስተኛው ጨዋታ አይቀርም ብለው ነበር። ፔሌ ሦስት ጎል አገባ፤ ውጤቱ 5 ለ 2 ሆነ። ዋንጫው ክብሩን ያገኘው እንዲህ ባሉት ምሽቶች ነው። ቴሌቪዥን ገና ባልተስፋፋበት ዘመን አንድ አውሮፓዊ ተመልካች የሌላውን አህጉር ምርጥ ክለብ በአካል የሚያየው በዚህ ዋንጫ ነበር።

ከዚያ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

በ1967 የስኮትላንዱ ሴልቲክ ከአርጀንቲናው ራሲንግ ጋር ተገናኘ። ሴልቲክ ያን ዓመት ሊዝበን ላይ ኢንተር ሚላንን ረትቶ የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ነው፤ ተጫዋቾቹ በሙሉ ግላስጎውና አካባቢዋ የተወለዱ ልጆች ናቸው። ግላስጎው ላይ 1 ለ 0 አሸነፉ። ለመልሱ የራሲንግ ከተማ አቬያኔዳ ሲደርሱ ጨዋታው ሳይጀመር ግብ ጠባቂያቸው ሮኒ ሲምፕሰን ከተመልካች በተወረወረ ነገር ጭንቅላቱን ተመታ። መጫወት አልቻለም፤ ሌላ በረኛ ገባ። ራሲንግ 2 ለ 1 አሸነፈ። በጎል ድምር ሁለት ለሁለት፣ በነጥብም እኩል። ሦስተኛው ጨዋታ ከሦስት ቀን በኋላ ሞንቴቪዲዮ ላይ ሆነ። ሴልቲኮች ውስጥ ትተነው አገራችን እንግባ ያሉ ነበሩ። ቀሩና ተጫወቱ።

ያ ጨዋታ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ዳኛው ከሴልቲክ አራት፣ ከራሲንግ ሁለት ሰው አሰናበቱ። ከአራቱ አንዱ አልወጣም ብሎ እዚያው ሜዳ ላይ ቀረ። ፖሊስ ሜዳ ገብቷል። በዚህ ሁሉ መሃል የራሲንጉ ካርዴናስ ከሩቅ አክርሮ የመታት ኳስ መረብ ላይ አረፈች፤ 1 ለ 0። አርጀንቲና የመጀመሪያ የዓለም የክለብ ዋንጫዋን ያገኘችው በዚህች ጎል ነው። ጎሏ በጣም ያማረች ናት። የሚወራው ግን ስለ ጎሏ አይደለም፤ ስለ ድብድቡ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ተራው የማንችስተር ዩናይትድ ሆነ። ቦቢ ቻርልተንና ጆርጅ ቤስት ያሉበት ቡድን ነው። ገጣሚው የአርጀንቲናው ኤስቱዲያንቴስ ነበር። ቦነስ አይረስ ላይ 1 ለ 0 ተሸነፉ፤ ኖቢ ስታይልስም ተባረረ። ኦልድ ትራፎርድ ላይ ሁዋን ራሞን ቬሮን ገና በጊዜ አገባባቸውና ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። የዩናይትድና የቼልሲ ደጋፊዎች ሴባስቲያን ቬሮንን ያስታውሱታል፤ የዚህ ሰው ልጅ ነው። አባትየው ያነሳውን ዋንጫ ልጅየው በ2009 ለማንሳት እዚያው ክለብ ተመልሶ ነበር። አቡ ዳቢ ላይ ኤስቱዲያንቴስ ባርሴሎናን 1 ለ 0 እየመራ 89ኛው ደቂቃ ደረሰ። ፔድሮ አቻ አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓት ሜሲ በደረቱ ገፍቶ አስገባት። ቬሮን ዋንጫውን ለጥቂት አጣ።

ወደ 1969 እንመለስ፤ የባሰው እሱ ነው። ሚላን በሜዳው ኤስቱዲያንቴስን 3 ለ 0 አሸንፎ ቦነስ አይረስ ሄደ። ሚላን ውስጥ ኔስቶር ኮምባን የሚባል አጥቂ አለ። የተወለደው አርጀንቲና ነው፤ የሚጫወተው ግን ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን ነበር። ለአርጀንቲናዎቹ ከሃዲ ነው። አፍንጫው እስኪሰበር መቱት፤ ማሊያው በደም ተለወሰ። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ የወታደር ግዴታህን አልተወጣህም ተብሎ ፖሊስ ያዘው። ሚላን 2 ለ 1 ቢሸነፍም በድምሩ ዋንጫውን ወሰደ። የጎል ድምር መቆጠር የጀመረው ገና ያኔ ነው።

የሚገርመው የአርጀንቲና መንግሥት ራሱ ማፈሩ ነው። በወታደራዊው መሪ በኦንጋኒያ ትዕዛዝ ሦስት የኤስቱዲያንቴስ ተጫዋቾች ለ30 ቀን ታሰሩ። ግብ ጠባቂው ፖሌቲ ዕድሜ ልክ ታገደ፤ በኋላ ይቅርታ ተደርጎለታል። አጉዬሬ ሱዋሬዝ 30፣ ማኔራ 20 ጨዋታ ተቀጡ። በእግር ኳስ ሜዳ ላይ በተፈጸመ ጥፋት ተጫዋቾች በቀጥታ ወህኒ የወረዱበት ሌላ እንዲህ ዓይነት ትልቅ ፍጻሜ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አውሮፓውያን እግራቸውን መጎተት ጀመሩ። በ1971 አያክስ አልሄድም አለ፤ በአውሮፓው ፍጻሜ የተሸነፈው ፓናቲናይኮስ ተላከ፤ በኡራጓዩ ናሲዮናል ተረታ። በ1973 አያክስ በድጋሚ እምቢ ሲል ጁቬንቱስ በአንድ ጨዋታ ብቻ፣ ያውም ጣሊያን ውስጥ ከሆነ እሺ አለ። ሮም ላይ የአርጀንቲናው ኢንዴፔንዲየንቴ በቦቺኒ ጎል 1 ለ 0 አሸነፈ። በ1974 ባየር ሙኒክ አልፈልግም ስላለ አትሌቲኮ ማድሪድ ገባ፤ አሸነፈም። ስለዚህ አትሌቲኮ የአውሮፓን የሻምፒዮኖች ዋንጫ አንስቶ አያውቅም፤ የአህጉራቱን ዋንጫ ግን አንስቷል። በ1975 እና በ1978 ጨርሶ አልተካሄደም። በ1977 ሊቨርፑል፣ በ1979 ኖቲንግሃም ፎረስት ቀሩ።

ምክንያቱ ድብደባው ብቻ አይመስለኝም። ገንዘብም አለበት። ረጅም ጉዞ ነው፣ የውድድር ዘመኑ መሃል ነው፣ የሚገኘው ገቢ ግን አይረባም። ግጭቱ ለብዙዎቹ ጥሩ ሰበብ ሆነላቸው።

ያዳነው ቶዮታ ነው። ከ1980ው ውድድር ጀምሮ ዋንጫው በአንድ ጨዋታ፣ ገለልተኛ ሜዳ ላይ፣ ቶኪዮ እንዲደረግ ተወሰነ። የአውሮፓ ክለቦችም ሻምፒዮን ከሆኑ ቶኪዮ እንደሚሄዱ አስቀድመው በውል ይታሰሩ ጀመር። ፎረስትና ናሲዮናል በ1981 የካቲት ላይ ተጫወቱ፤ ናሲዮናል 1 ለ 0 አሸነፈ። አሸናፊው ሁለት ዋንጫ ይዞ ይመለሳል፤ አንዱ የድሮው፣ አንዱ የቶዮታ። ኮከብ ተጫዋቹ መኪና ይሸለማል። እርስዎ በልጅነትዎ ስሙን ይሰሙት የነበረው ምናልባት ይሄኛው ነው።

ያ ዘመን የራሱ ውበት ነበረው። በ1981 ፍላሜንጎ ከነዚኮው ሊቨርፑልን 3 ለ 0 ያደረገው ሦስቱንም በመጀመሪያው አጋማሽ አግብቶ ነው። በ1987 ፖርቶና ፔንያሮል በረዶ በሸፈነው ሜዳ ተጫውተው ፖርቶ አሸነፈ። በ1992 የራይ ሁለት ጎሎች ሳኦ ፓውሎን ከክራይፍ ባርሴሎና በላይ አደረጉት። በ2000 ፓሌርሞ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ደቂቃዎች ሁለት አግብቶ ቦካ ሪያል ማድሪድን ረታ። በ2001 የባየርን ዋንጫ ያስገኘችውን ብቸኛ ጎል ያስቆጠረው ጋናዊው ሳሙኤል ኩፉር ነው። አፍሪካዊ ተጫዋች ጎል ያገባል፤ የአፍሪካ ክለብ ግን በሩ ላይ እንኳ አይደርስም። በ2004 ሲዘጋ ሂሳቡ እንዲህ ነበር፤ ደቡብ አሜሪካ 22፣ አውሮፓ 21። ይህን ቁጥር ለልጅዎ ያሳዩልኝ። ዛሬ የአውሮፓ ክለብ መሸነፍ ተአምር ይመስለዋል፤ ለአርባ ዓመት ግን እኩል ለእኩል ነበሩ። ልዩነቱ የሰፋው በ1990ዎቹ አጋማሽ አውሮፓ የውጭ ተጫዋች ገደብን ካላላች በኋላ ነው። የሳኦ ፓውሎና የቦካ ምርጦች ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ይሄዱ ጀመር።

አሁን የአፍሪካን ጉዳይ እናንሳ። መልሱ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ግን ያበሳጫል። ዋንጫው የሁለት ኮንፌዴሬሽኖች የግል ስምምነት ነበር። ፊፋ ራሱ በስልሳዎቹ የሚያየው እንደ ሁለቱ የወዳጅነት ጨዋታ እንጂ እንደ ዓለም ውድድር አልነበረም። ሁለቱ ደግሞ ሦስተኛ ሰው የመጋበዝ ፍላጎት አልነበራቸውም። የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና የተጀመረው በ1964 መጨረሻ ላይ ነው፤ የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ በ1965 መጀመሪያ አክራ ላይ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አህጉሩ በየዓመቱ ሻምፒዮን አለው። ሻምፒዮኑ ዋንጫውን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል፤ የሚቀጥለው ደረጃ የለም።

ያም ሆኖ አፍሪካና እስያ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከ1986 ጀምሮ የሁለቱን አህጉር ሻምፒዮኖች የሚያገናኝ የአፍሮ እስያ የክለቦች ዋንጫ ነበራቸው። የመጀመሪያውን የኮሪያው ዴዉ ሮያልስ ወሰደ፤ የግብፁ ዛማሌክ በ1987 እና በ1997 አነሳው። የፈረሰበት ምክንያት ከኳስ ውጪ ነው። ለ2006 የዓለም ዋንጫ አስተናጋጅነት በተሰጠው ድምፅ የእስያ ተወካዮች ከደቡብ አፍሪካ ይልቅ ጀርመንን በመደገፋቸው ካፍ ተቀይሞ አቋረጠው። ያ ዋንጫ መጥፋቱ ይቆጨኛል። ለድሃ ኮንፌዴሬሽኖች ራሳቸው የሠሩት በር ነበር።

በሩን በይፋ የከፈተው ፊፋ ነው፤ በ2000 ጥር ላይ፣ ብራዚል። ስምንት ክለቦች ተጋበዙ። ማንችስተር ዩናይትድ ለዚህ ሲል የእንግሊዝን ኤፍኤ ካፕ ትቶ ሄደ። የሞሮኮው ራጃ ካዛብላንካ አፍሪካን ወክሎ ሦስቱንም ተሸነፈ፤ ሪያል ማድሪድን ግን 3 ለ 2 እስኪወጡ ድረስ አስጨንቆታል። ኮሪንቲያንስ ቫስኮን በመለያ ምት ረትቶ ዋንጫውን በላ። የሚቀጥለው በ2001 ስፔን ላይ ይደረጋል ተብሎ የፊፋ የንግድ አጋር ድርጅት ሲከስር ቀረ። ከ2005 ጀምሮ ፊፋ የቶዮታውን ዋንጫ ከራሱ ጋር አዋህዶ በየዓመቱ የሚደረግ የክለቦች ዓለም ዋንጫ አደረገው። ስድስቱም ኮንፌዴሬሽኖች ገቡበት። አውሮፓና ደቡብ አሜሪካ በግማሽ ፍጻሜ ይጀምራሉ፤ ሌሎቹ ከታች ይመጣሉ።

በ2006 የግብፁ አል አህሊ በአቡትሪካ ሁለት ጎሎች አሜሪካ የተባለውን የሜክሲኮ ክለብ 2 ለ 1 አሸንፎ ሦስተኛ ወጣ። ከዚያ ወዲህም በተደጋጋሚ ሦስተኛ ሆኗል። ግን ከሁሉም በላይ የምወደው በ2010 የሆነው ነው።

ቲፒ ማዜምቤ የሉቡምባሺ ክለብ ነው፤ የዲሞክራቲክ ኮንጎ የመዳብ አገር። አቡ ዳቢ የሄዱት ዋናው ኮከባቸው ትሬዞር ምፑቱ ሳይኖር ነው፤ ፊፋ አግዶታል። አሰልጣኙ ሴኔጋላዊው ላሚን ንዲያዬ ናቸው። መጀመሪያ የሜክሲኮውን ፓቹካ 1 ለ 0 ጣሉ። ቀጥሎ የደቡብ አሜሪካው ሻምፒዮን ኢንተርናሲዮናል መጣ። ብራዚሎቹ ከፖርቶ አሌግሬ ውቅያኖስ አቋርጠው በሺዎች መጥተዋል፤ ለነሱ ይህ ግማሽ ፍጻሜ ወደ ኢንተር ሚላን የሚያሳልፍ ድልድይ ብቻ ነበር።

በ53ኛው ደቂቃ ካባንጉ አገባ። ብራዚሎቹ መጡ፤ ደጋግመው መጡ። በረኛው ሮበርት ኪዲያባ በእግሩም በእጁም መለሰ። በ85ኛው ደቂቃ ካሉዪቱካ በግራ በኩል ብቻውን ገባ፣ ተከላካዩን አቅጣጫ አሳተው፣ መሬት ለመሬት ወደ ጥጉ ሰደዳት። 2 ለ 0። ኪዲያባ ታዋቂውን ደስታውን ጀመረ፤ ሜዳው ላይ ቁጭ አለ፣ እግሮቹን ወደፊት ዘረጋ፣ በመቀመጫው እየዘለለ ሄደ። ያን ምስል ያየ አይረሳውም። ከአውሮፓና ከደቡብ አሜሪካ ውጪ የሆነ ክለብ የዓለም ፍጻሜ ሲደርስ ያ የመጀመሪያው ነው። ፍጻሜውን በኢንተር 3 ለ 0 ተሸነፉ። ከሦስቱ አንዷን ያገባው ሳሙኤል ኤቶ ነው። የአፍሪካ ትልቁ ተጫዋች የአፍሪካን ትልቁን ክለብ ሲያሸንፍ ማየት ስሜትን ለሁለት የሚከፍል ነገር ነበር። ግን ማንም ከዚያ በኋላ የአፍሪካን ሻምፒዮን እንደ ማሟያ አላየውም።

በ2013 ራጃ ካዛብላንካም ፍጻሜ ደርሷል። የሮናልዲኒዮን አትሌቲኮ ሚኔይሮ 3 ለ 1 ሲያሸንፉ ተጫዋቾቹ ሮናልዲኒዮን ከበው ጫማውን ሳይቀር ማስታወሻ ብለው ወሰዱበት። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ልብ ይበሉ፤ ራጃ የገባው የአስተናጋጇ አገር ሻምፒዮን ሆኖ ነው። የዚያ ዓመት የአፍሪካ ሻምፒዮን አል አህሊ ነበር። ስለዚህ በአህጉሩ ሻምፒዮንነት ገብቶ ፍጻሜ የደረሰ የአፍሪካ ክለብ ከተባለ ማዜምቤ ብቻውን ይቆማል። በ2017 ደግሞ ፊፋ ከ1960 እስከ 2004 ያሸነፉትን ሁሉ የዓለም ሻምፒዮን ብሎ በይፋ ተቀበለ። ለድሮዎቹ አሸናፊዎች የሚገባቸው ነበር። የማይካሰው አፍሪካ ሳትጠራ የቀረችባቸው እነዚያ አርባ ዓመታት ናቸው።

የእርስዎና የልጅዎ ክርክር የተፈጠረው በ2023 መጨረሻ ዓመታዊው ውድድር ማንችስተር ሲቲ ፍሉሚኔንሴን 4 ለ 0 ረትቶ ሲያበቃ ነው። ፊፋ አንዱን ለሁለት ከፈለው። የክለቦች ዓለም ዋንጫ የሚለውን ስም ለ32 ክለቦች፣ በየአራት ዓመቱ ለሚደረግ ትልቅ ውድድር ሰጠው። ዓመታዊውን ደግሞ የድሮውን ስም መልሶ የፊፋ ኢንተርኮንቲኔንታል ዋንጫ አለው።

የ32ቱ ውድድር ትልቅ ነው፤ አልክድም። አንድ ቢሊዮን ዶላር ሽልማት ተመድቦለታል። ኮል ፓልመር ሁለት አግብቶ፣ ለሌላው ደግሞ ለዣዎ ፔድሮ አመቻችቶ ፒኤስጂን ያደናበረበት ፍጻሜ የእውነት ጨዋታ ነው። ግን የሻምፒዮኖች ውድድር ነው ወይ? ቼልሲ የገባው በ2021 ባነሳው የአውሮፓ ዋንጫ ነው። በ2025 ያነሳው ኮንፈረንስ ሊግን ነው። የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሊቨርፑል አልነበረም፤ ከአንድ አገር የሚገቡት ክለቦች የተገደቡ ስለሆኑ። ኢንተር ማያሚ የአስተናጋጇን አገር ቦታ ይዞ ገባ። ከአፍሪካ አል አህሊ፣ ዋይዳድ፣ ኤስፔራንስና ሰንዳውንስ ነበሩ፤ አራቱም ከምድብ አላለፉም። በጣም የሚያስገርመው ግን ይሄ ነው፤ ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው የግብፁ ፒራሚድስ ሰንዳውንስን ረትቶ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነ። አሜሪካ ግን የሄደው የተሸነፈው ሰንዳውንስ ነው። ዝርዝሩ ቀድሞ ተዘግቶ ነበርና የወቅቱ የአፍሪካ ሻምፒዮን በቴሌቪዥን ተመለከተ።

ታህሣሡ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም። የዓመቱ ሻምፒዮን ካልሆኑ አይገቡም። ፒራሚድስ መጀመሪያ ካይሮ ላይ ኦክላንድ ሲቲን 3 ለ 0 አሸነፈ። ከዚያ ጂዳ ሄዶ የሳዑዲውን አል አህሊ፣ ውድ ውድ የአውሮፓ ተጫዋቾች የተሰባሰቡበትን ቡድን፣ በሜዳውና በደጋፊው ፊት 3 ለ 1 ረታ። ሦስቱንም ያገባው ፊስቶን ማዬሌ ነው። ኮንጎዋዊ ነው፤ ለታንዛኒያው ያንጋ ሲጫወት የምሥራቅ አፍሪካ ኳስ ተከታታይ በደንብ ያውቀዋል። ኳታር ላይ ፍላሜንጎ 2 ለ 0 አቆመው። ፍላሜንጎም ፍጻሜውን ከፒኤስጂ ጋር 1 ለ 1 ወጥቶ በመለያ ምት 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ የፒኤስጂው በረኛ ሳፎኖቭ አራት ምት አዳነ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ የግብፁ አል አህሊ ከፓቹካ ጋር 0 ለ 0 ወጥቶ በመለያ ምት 6 ለ 5 ተረታ። ያን መለያ ምት ቢያሸንፍ ፍጻሜ ላይ ከሪያል ማድሪድ ጋር ነበር።

ቅሬታዬን ግን አልደብቅም። ዛሬም የአውሮፓው ሻምፒዮን ፍጻሜ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንድ ጨዋታ፣ አንድ ዋንጫ። ፍላሜንጎ ግን እዚያ ለመድረስ ሁለት፣ ፒራሚድስ ቢደርስ ኖሮ ሦስት ጨዋታ ያስፈልገዋል። የአውሮፓ ጥንካሬ ይታወቃል፤ ጠንካራ መሆን ግን ሜዳ ላይ እንጂ በድልድል የሚረጋገጥ አይደለም። ቢያንስ በግማሽ ፍጻሜ መጀመር ነበረበት፤ ከ2005 እስከ 2023 እንደነበረው። ይህን እንደ መሻሻል የሚያቀርቡልንን አልቀበልም፤ ወደኋላ መመለስ ነው።

ስለዚህ ልጅዎን እንዲህ ይበሉት፦ የዓለም ሻምፒዮን የሚለው ማዕረግ የቼልሲ ነው፣ በሐቅ ያገኘው ነው። የአህጉር ሻምፒዮኖች ያለፉበትን የ1960ውን መንገድ የያዘው ግን ፒኤስጂ ነው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። የኛ ክለብ እዚህ መንገድ ላይ አለ ወይ? አለ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አሸናፊ የካፍ ሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ይገባል፤ የታህሣሡ ዋንጫ መንገድ የሚጀምረው ከዚያ ነው። መነሻው ላይም ነበርን። የመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና አክራ ላይ ሲጠናቀቅ ከደረሱት አራት ክለቦች አንዱ የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ክለብ ነው። በቅርብ ዓመታት ግን የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም በመጥፋቱ ክለቦቻችን የሜዳቸውን ጨዋታ ሰው አገር ሲጫወቱ ከርመዋል። ደጋፊ በሌለበት ስታዲየም «በሜዳህ» መጫወት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የተጫወተው ነው።

በ2017 ቅዱስ ጊዮርጊስ የሻምፒዮንስ ሊጉን ምድብ የተቀላቀለ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ። ምድቡ ውስጥ ሰንዳውንስ፣ ኤስፔራንስና የኮንጎው ቪታ ነበሩ። ሰንዳውንስ ከወራት በፊት ጃፓን ላይ የክለቦች ዓለም ዋንጫን ተጫውቶ የመጣ ነው። ኤስፔራንስ ደግሞ በ2018 እና በ2019 በተከታታይ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ክለቦች ዓለም ዋንጫው ሄደ።